ወርቁ ሚዛን አለው፤ ጉድጓዱስ?

ወለጋ ለማዕከላዊው መንግሥት ወርቅ ማቅረብ የጀመረችው ትናንት አይደለም። የሌቃ ነቀምቴው ገዥ ሞሮዳ በከሬ ለምኒልክ ከገበሩ በኋላ፣ በእሳቸውና በልጃቸው በደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳ ዘመን፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ከነቀምቴ እየተነሣ ወደ ሸዋ ይጓዝ ነበር። የታሪክ ተመራማሪዎቹ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታአ ያሳተሟቸውን የኩምሳ ቤት ደብዳቤዎች ያገላበጠ ሰው ስለ ወርቅና ስለ ግብር ብዙ ያነባል። በጎረቤት ቤኒሻንጉል፣ በሼክ ኮጀሌ አል-ሐሰን ግዛት፣ ወርቁን ከመሬት ከሚያወጡት መካከል ባሪያዎችም ነበሩበት። በዚያ ዘመን ወርቁ ሲደርስ የሚመዝን ሹም ነበር። ጉድጓድ ተደርምሶ ሰው ሲሞት የሚጠየቅ ሹም አልነበረም።

ቀጥሎ ኩባንያዎች መጡ። ምኒልክ በወለጋ ወርቅ እንዲፈለግ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ደግሞ በብርብር ወንዝ ሸለቆ፣ ዩብዶ ላይ፣ የፕላቲነም ማዕድን ተገኘ። የጄኔቫው ሊቅ ሉዊ ዱፓርክና ባልደረቦቹ በ1927 በዚያ ያጠኑትን አንድ የድንጋይ ዓይነት በወንዙ ስም "ብርብራይት" አሉት። ድንጋዩ እስከ ዛሬ በዓለም የጂኦሎጂ መዛግብት ውስጥ በዚህ ስም ይጠራል። አፈሩን ቆፍረው ያጠቡት ሰዎች ግን ስማቸውን የሚያውቅላቸው የለም።

የማዕድን ደህንነት ተቆጣጣሪ የሚባል ሹመት በሌላው ዓለምም በቀላሉ አልተገኘም። እንግሊዝ በ1842 ሴቶችንና ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆችን ከምድር በታች ከመሥራት የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ በዓመቱም የመጀመሪያውን ተቆጣጣሪ ሾመች። ይህ ሰው ሥልጣኑ ስለ ሠራተኞቹ ሁኔታ ከመጠየቅ አያልፍም ነበር። አየሩ ይተነፈሳል ወይ፣ ጣሪያው ይደገፋል ወይ ብሎ ጉድጓዱን መመርመር የተፈቀደው በ1850 በወጣው ሌላ ሕግ ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች እየፈነዱ ብዙ ሰው በላ።

ኢትዮጵያም የሥራ ቦታ ደህንነት ሕግ አላጣችም። የፋብሪካዎች አዋጅ ቁጥር 58 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ሆነ እሱን የተካው 1156/2011 ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ቀላል የማይባል ሥልጣን ሰጥተውታል። በሥራ ሰዓት ሳያስታውቅ ይገባል። ሠራተኛውንም አሠሪውንም ይጠይቃል፤ መዝገብ ያያል፤ ናሙና ይወስዳል። ጉድለት ሲያገኝ አሠሪው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲያስተካክል ያዛል። አደጋው ጊዜ የማይሰጥ ከሆነ ሥራው በከፊል ወይም በሙሉ እንዲቆም የሚደረግበት መንገድ አለ።

ግዴታም አለበት። ጥቆማ የሰጠውን ሰው ማንነት ማውጣት አይችልም። የድርጅቱን የሥራ ምሥጢር ይጠብቃል። እሱ ራሱ ጥቅም ያለበትን ድርጅት እንዲመረምር አይፈቀድለትም።

በወረቀት ላይ ጥሩ ሕግ ነው። ችግሩ ያለው "አሠሪ" በምትለው ቃል ላይ ነው። አዋጁ የሚሠራው የሥራ ውል ባለበት፣ ቀጣሪና ተቀጣሪ በሚታወቁበት ቦታ ነው። በወለጋ ሸለቆዎች ከጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ ወይም በግሉ ወርቅ የሚቆፍር ወጣት ግን ቀጣሪ የለውም። ተቆጣጣሪው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቢደርስ "አስተካክል" ብሎ የሚያዘው ማንን ነው? ግድግዳውን በእንጨት ያልደገፈው፣ ከድጋፉ ዋጋ የዕለት እንጀራውን ያስቀደመው ያው ቆፋሪው ራሱ ነው።

የማዕድን አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዶች የሠራተኞቻቸውንና የሌሎች ሰዎችን ጤናና ደህንነት እንዲጠብቁ ያስገድዳል። የባህላዊ ማዕድን ፈቃድ የሚሰጡት ደግሞ ክልሎች ናቸው። እዚህ ላይ ሁለተኛው ችግር ይመጣል። ፈቃድ የሚሰጠውና ምርቱ እንዲጨምር የሚፈልገው መሥሪያ ቤት ራሱ ደህንነትን ይቆጣጠር ከተባለ፣ አንድ እጅ ሚዛን ይዞ በሌላው ጉድጓድ መዝጋት ይጠበቅበታል። ሕጉ ተቆጣጣሪው ግለሰብ ጥቅም ያለበትን ድርጅት እንዳይመረምር ከከለከለ፣ ያው ጥያቄ ለመሥሪያ ቤትም መነሣት አለበት። አሜሪካኖች በ1977 ባወጡት ሕግ የማዕድን ደህንነት ቁጥጥርን ከአገር ውስጥ ሀብት ሚኒስቴራቸው ወደ ሠራተኛ ሚኒስቴር ያዛወሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ያ ሕግ ከመሬት በታች ያለ ማዕድን በዓመት 4 ጊዜ፣ በገጸ ምድር ያለው 2 ጊዜ ሙሉ በሙሉ እንዲመረመር ያዛል፤ አስቀድሞ ማስታወቅም ክልክል ነው።

የእኛ አገር ማንቂያ እስካሁን የሚደወለው ከአደጋ ወይም ከተቃውሞ በኋላ ነው። በ2010 ዓ.ም በጉጂ የለገደንቢ ወርቅ ማዕድን ፈቃድ የታገደው የሻኪሶና አካባቢው ነዋሪዎች የጤና ጥያቄ ይዘው ከወጡ በኋላ ነው። በ2016 ዓ.ም በደቡብ ወሎ ደላንታ፣ ኦፓል ፍለጋ ዋሻ ውስጥ የገቡ 20 ያህል ወጣቶች ናዳ እንደዘጋባቸው አገር የሰማው ዋሻው ከተደረመሰ በኋላ ነው።

ወርቁ ግን ተፈላጊነቱ ጨምሯል። ብሔራዊ ባንክ አምራቹን ለማበረታታት ከዓለም ገበያ ዋጋ በላይ ሲከፍል ቆይቷል። በ2017 በጀት ዓመት ወርቅ ቡናን በልጦ የአገሪቱ ቀዳሚ የወጪ ንግድ ገቢ ሆኗል። ዋጋው ሲጨምር ጉድጓዱም ይጠልቃል። ከጊምቢ እስከ ነጆ፣ ከመንዲ እስከ ደምቢ ዶሎ ክረምት በገባ ቁጥር ቀዩ አፈር ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል። ጸጥታ በታወከበት ወረዳ ደግሞ ተቆጣጣሪ ቀርቶ ሐኪምም እንደልቡ አይደርስም።

በምዕራብ ወለጋ ጣሊያኖች በ1930ዎቹ የጀመሩት ቱሉ ካፒ በ2007 ዓ.ም ትልቅ የወርቅ ማዕድን ፈቃድ ተሰጥቶበታል። እዚያ ቢያንስ የሚጠየቅ ኩባንያ አለ። በዙሪያው ላለው ባህላዊ ቆፋሪ ግን ሌላ ዓይነት ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል። መቅጣት ዋና ሥራው ያልሆነ፣ ጉድጓድ እንዴት እንደሚደገፍ የሚያስተምር፣ ዝናብ ሲበረታ "ዛሬ አትግቡ" የማለት ሥልጣን ያለው፣ የሞተውን ሰው በስሙ የሚመዘግብ፣ ደመወዙም ከወርቁ ብዛት ጋር ያልተያያዘ ሰው መሆን አለበት። ወጪውን ከሮያሊቲው ላይ መቀነስ ይቻላል።

ከሞሮዳ ዘመን እስከ ዛሬ እያንዳንዱ መንግሥት ወደ ወለጋ መዛኝ ልኳል። አንድ ግራም ወርቅ እንዳይጎድል የሚጨነቅ መንግሥት፣ ጉድጓድ ውስጥ የቀረውን ሰው መቁጠር አያቅተውም።