ከሊማሊሞ አቀበት እስከ አዘዞ ሜዳ

ዛሬ ወደ ስሜን ተራሮች የሚገሠግሠው መንገደኛ ከቦሌ ተነሥቶ አዘዞ ላይ በአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወርድ፥ በቀደመው ዘመን የባሕር ማዶ ሰው ወደ ጎንደር የሚገባበት በር ምጽዋ፥ ከበሩም በኋላ እጅግ የሚያስፈራው ፈተና የሊማሊሞ ገደል እንደ ነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ከምጽዋ የተነሣ ነጋዴ ጭነቱን በበቅሎና በአህያ አስጭኖ፥ የተከዜን በረሓ ተሻግሮ፥ ሊማሊሞን በጭንቅ ወጥቶ፥ ለኬላ ጠባቂው ቀረጡን ከፍሎ፥ በደባርቅና በዳባት ደጋ አድርጎ ወደ ነገሥታቱ መዲና ይደርስ ነበር፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1770 ጎንደር የገባው በዚሁ አቀበት ነው። በአቀበቱ ያለፉት ጳጳሳት፥ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ግን፥ ስማቸው በመጽሐፍ ባይሰፍርም፥ ከብሩስ ያላነሰ ክብር ይገባቸዋል።

ኋላ በወረራው ዘመን ኢጣልያኖች በገደሉ ወገብ የመኪና ጎዳና አስቆፈሩ፤ በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተመሥርቶ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ መብረር ሲጀምር ደግሞ፥ መንገደኛው አቅጣጫውን ከሰሜን ወደ ደቡብ አዞረ፥ ደባርቅም የጎንደር መግቢያ መሆኗ ቀርቶ የስሜን መግቢያ ሆነች።

አሁን እንግዳው ከአዘዞ ወደ ጎንደር ከተማ ገብቶ፥ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ፥ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ይደርሳል፤ እዚያም በ1962 ዓ.ም. በተቋቋመውና በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የመግቢያውን ከፍሎ፥ መሪና ጠባቂ ይዞ ይወጣል።

አንባቢ ሆይ፥ ደባርቅ ስትደርስ ወደ ተራራው ከመውጣትህ አስቀድሞ ጥቂት ወደ ሰሜን አልፈህ ሊማሊሞን ቁልቁል ተመልከት።