ከ1969 እስከ 1975፤ የአንድ አልበም ዘመን

የድሮ ዘፈን የሚወድ ሰው በፖለቲካ መታማቱ አይቀርም። የንጉሡን ዘመን ሙዚቃ ካዳመጥህ ንጉሡን ናፍቀሃል ይሉሃል። ይህ ሐሜት እኔንም ሲከተለኝ ሰንብቷልና መልሴን ከዚያው ከምታማበት አልበም ላይ ላቅርብ። አልበሙ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያሰባሰበው የ«ኢትዮፒክስ» የመጀመሪያ ቅጽ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ቡዳ ሙዚክ የተባለ የፓሪስ አሳታሚ ሲሆን፣ ስሙ ለአማርኛ ጆሮ ክፉ ቢሆንም ሥራው መልካም ነው። (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር የጻፍሁት አልበሙ ራሱ እንዲያ ስለሚቆጥር ነው፤ በእኛ ከ1961 እስከ 1967 ገደማ ይሆናል።)

በቅጹ ውስጥ ያን ጊዜ ገና ለጋ የነበረው ሙሉቀን መለሰ፣ ሰይፉ ዮሐንስ፣ ተሾመ ምትኩና ማሕሙድ አህመድ ይገኛሉ። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ የአሜሪካውን ሶል ያስታውሳሉ፤ ዜማው ግን ከአገሩ ቅኝት ንቅንቅ አይልም። ማታ ማታ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ስከፍተው ሥራ ያስፈታኛል። የሰይፉን ትዝታ ሰምቶ ወዲያው ወደ ሌላ ጉዳይ የሚሻገር ሰው ካለ በእውነት አደንቀዋለሁ።

አሁን ወደ መልሴ ልግባ። በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ ከውጭ የማስገባትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ማኅበሩ ዘመናዊውን ሙዚቃ በሸክላ ለማውጣት እምብዛም አልተጋም፤ ሌላው ደግሞ እንዳያወጣ ተከልክሏል። በዚህ መካከል የሙዚቃ መደብር የነበረው ወጣት አምሃ እሸቴ በ1969 ሕጉን እያወቀ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርጾ፣ ሕንድ አገር አሳትሞ ገበያ ላይ አዋለው። ድንጋጌው በወረቀት ላይ እንደ ጸና በገበያ ተሻረ። ሌሎች አሳታሚዎችም በዚያው በር ገቡ። አምሃ በስድስት ዓመት ውስጥ ከ100 የሚበልጡ ትናንሽ ሸክላዎችንና ወደ 12 የሚጠጉ ረጃጅም አልበሞችን አወጣ። እንግዲህ ዛሬ «የንጉሡ ዘመን ሙዚቃ» የምንለው በንጉሡ ድንጋጌ ላይ በተፈጸመ ድፍረት የተገኘ ነው።

መንግሥት ውለታ አልዋለም ማለቴ ግን አይደለም። ከኢየሩሳሌም የመጡት አርመናውያን «አርባ ልጆች» በ1924 አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ ማርሹን፣ ኖታውን፣ መምህራኑን ያቀረበው ቤተ መንግሥቱ ነው። ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊትና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ባያሠለጥኑ ኖሮ አምሃ ማንን ይቀርጽ ነበር? ነገሩ የሚያስገርመውም እዚህ ላይ ነው፤ መጫወትን ያስተማረ እጅ ማሳተምን ከለከለ። የአልበሙን ውብ ዘፈኖች የተጫወተው ተሾመ ምትኩም የወጣው ደርግን ሸሽቶ አይደለም። በ1970 ገደማ ከአገር ሲሰደድና ኑሮውን ስዊድን ሲያደርግ ንጉሡ በዙፋናቸው ላይ ነበሩ።

በ1973 ወሎ በረሃብ ሲያልቅ የአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች አልተዘጉም ነበር። «ወርቃማ ዘመን» የሚለው የአልበሙ ስያሜ ለሙዚቃው ይገባል፤ ለዘመኑ ግን አልሰጠውም።

አልበሙ 1975 ላይ የሚቆመው አዘጋጁ ስለ ሰለቸው አይደለም። ደርግ ሥልጣን ይዞ፣ አምሃ በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ሰዓት እላፊ ሌሊቱን ወሰደው፤ ሌሊት በሌለበት ደግሞ የምሽት ክበብ ባንድ ከየት ይመጣል? የሸክላውን ቦታ ካሴት ተካው። የቀሩትን ሸክላዎች አሰባስቦ ለዓለም ያሰማው የውጭ ሰው መሆኑ፣ እኛም የገዛ ዘፈናችንን ከፓሪስ መግዛታችን ደስ አይለኝም። ይሁንና ፋልሴቶን ከመውቀስ በፊት የእኛ ተቋማት በእነዚያ ዓመታት ምን ሲሠሩ እንደነበር መጠየቅ ይቀድማል። ሸክላዎቹ የወጡት እዚሁ ነበር፤ ባለሥልጣኑም፣ ምሁሩም፣ ነጋዴውም እዚሁ ነበሩ።

አምሃም ዓለማየሁም በ2021፣ ሙሉቀን በ2024 ዐረፉ። የዚያን ዘመን ብዙ ዘፈኖች ያቀናበረው ፒያኒስት ግርማ በየነ አሜሪካ ተሰድዶ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሲሠራ ዓመታት ካሳለፈ በኋላ ተመልሶ፣ በ2017 አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር የተከታታዩን 30ኛ ቅጽ አወጣ። የመጀመሪያውን ቅጽ ስጨርስ የምከፍተው ይህን ነው። ድምፁ ሻክሯል፤ አዘፋፈኑ ግን አልቸኮለም።