ከልደታ ሜዳ የተነሳው መንገድ

ከሜክሲኮ አደባባይ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ብዙም ሳይርቅ፣ ‹‹ኦልድ ኤርፖርት›› የምንለው ሰፈር አለ። ስሙን ሁሉም ይጠራዋል፤ ነገሩን ግን የሚጠይቅ የለም። አሮጌው ኤርፖርት የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ቦሌ ሳይታሰብ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቤቱ እዚህ ነበር። (አሁን ደግሞ ቢሾፍቱ አካባቢ፣ አቡሴራ ላይ፣ ሌላ ኤርፖርት ሊገነባ ነው። ያኔ ቦሌን ምን ልንለው ይሆን? ‹‹ኦልድ ኤርፖርት›› እንዳንል ስሙ ተይዟል።) እኔ የሜክሲኮ ነዋሪ በመሆኔ ለልደታ አዳላለሁ። ክብሩን የወሰደው ቦሌ ቢሆንም ትምህርቱ የተጀመረው ልደታ ነው ባይ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያን ከወጣ ገና አምስት ዓመት አልሞላውም። እንግሊዞች ደግሞ ‹‹አግዘናችኋል›› በሚል ገብተው ጥላቸው ከአገሪቱ አልተነሳም። ንጉሠ ነገሥቱ ፊታቸውን ወደ አሜሪካ አዞሩ፤ ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ውል ታሰረ፤ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. አየር መንገዱ ተቋቋመ። ንብረቱ የኢትዮጵያ መንግሥት፣ አመራሩ፣ ፓይለቱና መካኒኩ የአሜሪካ። መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያው መደበኛ በረራ በአሥመራ በኩል ካይሮ ገባ።

አውሮፕላኖቹ ከጦርነት የተረፉ ሲ-47 ዳኮታዎች ነበሩ፤ የወታደር ማመላለሻ። ተሳፋሪው ግድግዳውን ተደግፎ በግራና በቀኝ አግዳሚ ላይ ይደረደራል፣ ጭነቱ መሃል ላይ ይታሰራል። የድሮዎቹን ‹‹ውይይት›› ታክሲዎች የምታስታውሱ፣ እነሱን አየር ላይ አውጥታችሁ አስቧቸው።

የሥነ ጽሑፍ መምህር ስለነበርኩ ቃል ላይ መቆም አመሌ ነው። እንግሊዝኛው ‹‹መስመር›› ይላል፤ እኛ ‹‹መንገድ›› አልነው። እንዴት ያለ ትርጉም ነው! ክረምት ሲገባ መኪና ለማያልፍበት፣ በበቅሎ ሳምንት ለሚጓዝ ሕዝብ ይሄ ነገር እኮ መስመር ሳይሆን መንገድ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ አክሲዮን ማኅበር ሲሆን በእንግሊዝኛ ስሙ ለየብቻ ይጻፉ የነበሩት ‹‹ኤር›› እና ‹‹ላይንስ›› ገጠሙ። አማርኛው ግን ምንም መነካት አላስፈለገውም።

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ አስተማሪ ሳይቀመጥባቸው አውሮፕላን በካፒቴንነት ያበረሩት በ1957 እ.ኤ.አ. ነው፤ ውሉ ከተፈረመ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ። ኮሎኔል ስምረት መድኅኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆኑት ደግሞ በ1971 እ.ኤ.አ.። ሩብ ምዕተ ዓመት ማለት ነው! ዛሬ ቢሆን ይሄን ያህል የሚታገሠው ማን ነው? በሁለተኛው ዓመት ‹‹ፈረንጅ ይውጣ›› እንል ነበር። በመምህርነት ዘመኔ፣ ፈረንጁ ሲሄድ ወንበሩን ወርሶ ሥራውን ያልወረሰ የትምህርት ክፍል አይቻለሁ። አየር መንገዱ ግን ቁልፉን ከመረከቡ በፊት ብሎኑን መፍታትና ማሰር ተማረ። የራሱን የፓይለትና የቴክኒሽያን ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተማሪ ተቀበለ።

ልደታ የጠበበው ጄት ሲመጣ ነው። ለታዘዙት ሁለት ቦይንግ 720 አውሮፕላኖች ሜዳው አልበቃ አለ፤ ቦሌ ተሠራ፤ ልደታ ለጦሩ ቀረ። ጥር 7 ቀን 1955 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጄት አገልግሎት ወደ ናይሮቢ ተጀመረ።

አብዮቱስ? ደርግ ከሞስኮ ጋር ቢወዳጅም አየር መንገዱ ከቦይንግ አልተላቀቀም። የሌኒን ሐውልት በቆመባት አዲስ አበባ፣ ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ አዲስ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነስቶ የትም ሳያርፍ ቦሌ ደረሰ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ካፒቴን መሐመድ አሕመድ ነበሩ። ርዕዮተ ዓለሙ ሃንጋሩ በር ላይ ጫማውን አውልቆ የገባ ይመስለኛል።

ያ ትምህርት ቤት በዓለም ፊት የተፈተነው ግን መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። እሑድ ጠዋት ወደዚያችው ናይሮቢ የተነሳው ቦይንግ 737 ማክስ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ። 157 ሰዎች አለቁ። አምስት ወር ሳይሞላው ቀደም ብሎ ያው ዓይነት አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ላይ ወድቋል። እንዲያም ሆኖ ጣቱ መጀመሪያ የተቀሰረው ወደ ሐበሻው ፓይለት ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሠልጥነው ቢሆን ኖሮ ይቆጣጠሩት ነበር ያለ የምክር ቤት አባል እንኳ አልጠፋም። በኋላ እንደታወቀው፣ ከአንድ መለኪያ በመጣ የተሳሳተ ንባብ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች የሚደፍቅ ሶፍትዌር ነበረበት። የአሜሪካ መርማሪዎች በመጨረሻው የኢትዮጵያ ሪፖርት ላይ ስለ አብራሪዎቹ ድርሻ ያላቸውን ልዩነት አስመዝግበዋል፤ ይሄን መደበቅ አይገባም። ቦይንግ ግን በ2021 እ.ኤ.አ. ለአደጋው ተጠያቂነቱን በፍርድ ቤት ተቀብሏል።

ካፒቴኑ የ29 ዓመት ወጣት ነበር። ከ8,000 ሰዓት በላይ በርሯል። የተማረው እዚሁ፣ አየር መንገዱ ትምህርት ቤት ነው።