ከኖራ በፊት ላውራ ነበረች

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ባሏንና ሦስት ልጆቿን ትታ፣ በሩን ከኋላዋ ዘግታ ስለወጣችው የቲያትር ገጸ ባሕርይ ስለ ኖራ ሳትሰሙ አትቀሩም። እኔ ዛሬ የምተርክላችሁ ከእሷ በፊት በሥጋ ስለኖረችው ሴት ነው። ላውራ ትባላለች። የምጠራቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ላውራ በ1849 ኖርዌይ ውስጥ ተወለደች። ገና በሃያ ዓመቷ ብዕር አንስታ፣ ጸሐፌ ተውኔቱ ሄንሪክ ኢብሰን ለጻፈው «ብራንድ» ለተባለ ተውኔት ተከታይ የሚሆን መጽሐፍ አሳተመች። ኢብሰን ያን ጊዜ ጀርመን አገር፣ ድሬስደን ነበር የሚኖረው። ወጣቷ ደራሲ ሄዳ ተዋወቀችው፤ ከእሱም ከባለቤቱም ጋር ቤተኛ ሆነች። ኢብሰን በዘማሪ ወፍ ስም እያቆላመጠ ይጠራት ነበር። ይህን ቁልምጫ ያዙልኝ።

በ1873 ቪክቶር ኪለር የሚባል የዴንማርክ መምህር አገባች። ብዙም ሳይቆይ ባልየው በሳምባ ነቀርሳ ተያዘ። ሞቃት አገር ካልሄደ ተስፋ የለውም ተባለ። ገንዘብ ደግሞ የለም፤ የገንዘብ ነገር ከተነሳ ባልየው ቤቱን ያውከዋል። ላውራ ምን ታድርግ? ሳትነግረው ተበደረችና ወደ ጣልያን ይዛው ሄደች። እሱም ዳነ።

እሱ ይዳን እንጂ ዕዳው አልቀረም። መክፈያው ቀን ሲደርስ፣ ላውራ በጥድፊያ አንድ ልቦለድ ጽፋ፣ ለአሳታሚ አንድ ቃል እንዲናገርላት በ1878 ለኢብሰን ላከችለት። ኢብሰን ሥራው አልበሰለም ብሎ እንቢ አላት፤ ያስጨነቀሽን ሁሉ ለባልሽ ንገሪው ብሎም መከራት። መካሪ አይቸግርም፤ የቸገራት ገንዘብ ነበር። ረቂቁን አቃጠለችውና ሐሰተኛ የገንዘብ ሰነድ አዘጋጀች። ወዲያው ተነቃባት። ነፍሱን ያተረፈችለት ባሏ እንደ ወንጀለኛ ቆጠራት፤ ልጆቿንም ለማሳደግ የማትበቃ ናት አለ። አእምሮዋ ታወከ፤ ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች። ከዚያ ስትወጣ፣ ለልጆቿ ስትል መልሰህ ተቀበለኝ ብላ የለመነችው እሷ ናት።

ወሬው ኢብሰን ጆሮ ደረሰ። በዚያው ዓመት በጥቅምት፣ ሮም ተቀምጦ የአዲስ ቲያትር መነሻ ሐሳብ ጻፈ፤ ሕጉን ያወጣው ወንድ፣ የሚፈርደውም ወንድ በሆነበት አገር ሴት ራሷን ሆና መኖር አትችልም የሚል ነበር። በየካቲት 1879 እዚያው ሮም በሚገኘው የስካንዲኔቪያውያን ክበብ ተነስቶ፣ ሴቶች አባላት ድምፅ ይስጡ ብሎ ተሟገተ። በአንድ ድምፅ ልዩነት ወደቀ። በዚያው ዓመትም አማልፊ ወርዶ «የአሻንጉሊት ቤት»ን ጻፈ። መጽሐፉ በታኅሣሥ መጀመሪያ ኮፐንሃገን ላይ በ8,000 ቅጂ ወጣ፤ ወር ሳይሞላውም አለቀ። ታኅሣሥ 21 ቀን በንጉሣዊው ቲያትር መጋረጃው ተገለጠ፤ ኖራን የተጫወተችው ቤቲ ሄኒንግስ ናት።

ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ መጨረሻው የበር ድምፅ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ አንድ ወረቀት ላሳያችሁ። ኖራም እንደ ላውራ ታማሚ ባሏን ለማዳን ተበድራለች። ያለ ባል ፈቃድ ሚስት መበደር አትችልምና፣ ዋስ የሚሆናት አባቷ ነበር። አባቷ ግን ሊሞት እያጣጣረ ነው፤ እንዴት ታስቸግረው? ፈረመችለት። ሰነዱ ላይ የሰፈረው ቀን ጥቅምት 2 ነው፤ አባትየው የሞተው መስከረም 29። የሞተ ሰው በሦስተኛው ቀን ፈርሟል ማለት ነው! አበዳሪው ይህን ሲያፋጥጥባት፣ ለፍቅር ያደረግሁትን ሕግ እንዴት ወንጀል ይለዋል ብላ ከልቧ ትገረማለች። ሕጉ ሲወጣ ማን ጠይቋት ያውቃል?

ዕዳውን የምትከፍለው ከአስቤዛ እየቆነጠረች፣ ሌሊትም በሯን ዘግታ ጽሑፍ እየገለበጠች ነው። ይደክማታል፤ ግን ሠርቶ ገንዘብ ማግኘቱ ደስ ይላታል፤ ወንድ የሆነች ያህል ይሰማታል። ራሷን ማወቅ የጀመረችው እዚህ ነው፤ በሩ ጋ ስትደርስማ ብዙ መንገድ ሄዳለች።

ምስጢሩ ሲወጣ ባሏ ጥፋቱን በራሱ ላይ ወስዶ የሚቆምላት መስሏት ነበር። እሱ ግን ሰደባት፤ ልጆቹን አታሳድጊም አላት። አበዳሪው ሰነዱን ሲመልስ ደግሞ፣ ተረፍኩ ብሎ በደስታ ጮኸ፤ ያንኑ የወፍ ቁልምጫ እየጠራ ይቅር አልኩሽ አላት። ኖራ ገብታ የዳንስ ልብሷን አውልቃ የዘወትር ቀሚሷን ለብሳ መጣች፤ ተቀመጥ አለችው። በስምንት ዓመት ትዳር ቁም ነገር ሲያወሩ የመጀመሪያቸው ነው። ከሚስትነትም ከእናትነትም በፊት ሰው መሆኗን ነገረችው። ቀለበቱን መለሰች፤ የራሷንም ተቀበለች። ወጣች።

አውሮፓ ታመሰች። ጀርመን ውስጥ ሄድቪግ ኒማን ራቤ የምትባል ዝነኛ ተዋናይት፣ እኔ ልጆቼን ጥዬ አልሄድምና እንዲህ ያለውን መጨረሻ አልጫወትም አለች። ሥራውን የሚጠብቅለት ሕግ እዚያ አልነበረምና፣ ኢብሰን ሌላ እጁን ከሚያስገባበት ብሎ ኖራ የምትቀርበትን መጨረሻ ራሱ ጻፈ፤ ድርጊቱንም አረመኔያዊ ብሎ አወገዘው። ያ መጨረሻ ብዙ አልቆየም።

በ1884 ኢብሰን ከሌሎች ደራሲያን ጋር ሆኖ፣ ያገባች ሴት የንብረት መብት ይሰጣት የሚል አቤቱታ ለኖርዌይ ፓርላማ ፈረመ። በ1888 ሕጉ ወጣ፤ ባለትዳር ሴት ሠርታ ባገኘችው ገንዘብ የምታዝበት መብት አገኘች። ሉ ሹን የተባለው ቻይናዊ ደራሲ ደግሞ በ1923 ቤጂንግ ውስጥ ሴት ተማሪዎችን ሰብስቦ፣ ኖራ ከወጣች በኋላስ ምን ትሆናለች ብሎ ጠየቀ። ቦርሳዋ ባዶ ከሆነ መመለስ ወይም መጥፋት ነው ዕጣዋ አላቸው።

ላውራ የተመለሰችው ፈሪ ስለነበረች አይደለም። ኖራ ደራሲ ነበራት፤ በሩን ከፈተላት። ላውራ ልጆቿ ባባታቸው እጅ፣ ሕጉም በባሏ ወገን ነበር። እንዲያም ሆኖ ብዕሯን አልጣለችም። ሰዉ ኖራ እያለ ሲጠቁምባት እየቆሰለች፣ እስከ ዕለተ ሞቷ እስከ 1932 ድረስ በደራሲነቷ ታወቀች። ኢብሰን ታላቅ ቲያትር ሰጥቶናል፤ ዋጋውን አስቀድማ የከፈለችው ግን ላውራ ኪለር ናት። ኖራን የሚያጨበጭብላት ሁሉ ይህን ስም ሊያውቀው ይገባል።