ምን እየሰማሽ ነው?

ዛሬ የምጽፍላችሁ የማዳም ታሪክ አይደለም፣ የዘፈን ታሪክ ነው። ትንሽ ረዘም ስለሚል ሥራችሁን ስትጨርሱ ጋደም ብላችሁ አንብቡት።

እዚህ ሪያድ ጀራዲያ ውስጥ አምስት ሆነን የተከራየናት አንዲት ክፍል አለች። ጁምዓ ከሰዓት እረፍት ያገኘነው እዛ እንገናኛለን። ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ መሀል ላይ አንዲት ትንሽ ስፒከር ትቀመጣለች። ጠባችን ሁሉ በእሷ ነው። የከሚሴዋ ልጅ መንዙማ ይከፈት ትላለች። የጎንደሯ ከአስቴር አወቀ ሌላ ዘፋኝ ያለ አይመስላትም። የሐረርጌዋ አሊ ቢራን ትከፍታለች። ትንሿ፣ ከመጣች ገና ዓመት ያልሞላት፣ ቲክቶክ ላይ የሚዞረውን ብቻ ነው የምታውቀው። እኔ ደግሞ የባቲ ልጅ ነኝ፣ ማሪቱ ለገሠ አምባሰል ስትዘፍን ማንም እንዲያናግረኝ አልፈልግም። በመጨረሻ ሕግ አወጣን። እያንዳንዷ በተራዋ አንድ ታሰማለች፣ እስኪያልቅ ድረስ ማንም እንዳይቀይር።

ባለፈው ትንሿ «የድሮ ዘፈን ምን ያደርግልሻል? ድምፁ ራሱ ያረጀ ነው» አለችኝ። ያኔ መልስ አጣሁ። እኔ ትምህርቴን ከአስረኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ግን ማንበብ እወዳለሁ። ማታ ማታ ካነበብኩትና ካዳመጥኩት ሰብስቤ ይኸው መልሷን ጻፍኩላት። እናንተም ስሙኝ።

ከቮይስ እንጀምር። እኛ ለእናታችን ቮይስ እንልካለን አይደል? እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ ላይ አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፃቸውን በፎኖግራፍ ቀርጸው ልከዋል። ድምፅን ቀርጾ ባሕር ማሻገር ለኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ከዛ በኋላ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ይመጣሉ። አፄ ምኒልክ መኪና መንዳትና መጠገን እንዲማሩ ብለው ጀርመን አገር ላኳቸው። ጊዜው እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ነው። ሰውየው ግጥም አዋቂ፣ ዘፋኝም ነበሩ። እዛው ጀርመን እያሉ ዘፈናቸው በሸክላ ተቀረጸ። በሸክላ ከተቀረጹት የአገራችን ዘፈኖች መጀመሪያዎቹ እነዚህ ናቸው። አስቡት እህቶቼ፣ የሸክላችን ታሪክ የሚጀምረው ለሥራ ሰው አገር ከሄደ ሰው ነው። መኪና ሊማር ሄዶ ዘፈን ይዞ ተመለሰ።

ቀጥሎ ደግሞ ስደተኞች ወደኛ መጡ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በነፋስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። ልጆቹ ወገናቸው አልቆባቸው የተሰደዱ ናቸው። አርባዎቹንም ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው፣ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። የዘመናዊ ኦርኬስትራችን መሠረት የተጣለው በነሱ ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ብዙ ሙዚቀኞችን አሰልጥኗል። ዛሬ በድሮ ዘፈን ውስጥ ትራምፔት ሲነፋ ስትሰሙ፣ እነዚያን እናት አባት የሌላቸው ስደተኛ ልጆች አስታውሱ።

ከዛ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች መጡ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አሕመድ ሁሉም በክቡር ዘበኛ በኩል ያለፉ ናቸው። ማሕሙድን ስታዩት ሀብታም ቤት ያደገ ይመስላችኋል። ግን ልጅ እያለ ሊስትሮ ነበር። በኋላ አሪዞና የሚባል ክለብ ውስጥ ተላላኪ ሆኖ ይሠራ ነበር። አንድ ማታ ዘፋኙ ሲቀር «እኔ ልሞክር» አለ። ሞከረ። የቀረውን ታውቁታላችሁ። እኔ ይሄን ታሪክ ሳነብ ሳህን እያጠብኩ የምዘፍነው ትዝ አለኝና ለብቻዬ ሳቅኩ።

በንጉሡ ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ሌላ ሰው ማውጣት አይችልም። በ1961 ዓ.ም. ግን አምሃ እሸቴ የሚባል ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ «የመጣው ይምጣ» ብሎ በራሱ ማሳተም ጀመረ። መጀመሪያ ያወጣው የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ነው። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላ አወጣ። «ዓሊ ታንጎ» የሚባለው ደግሞ የካይፋ ባለቤት ነበር፣ እሱም ብዙ ሸክላና ካሴት አሳትሟል። እነዚህ ሰዎች ባይደፍሩ ኖሮ ዛሬ በስልካችን የምንሰማው አብዛኛው የድሮ ዘፈን አየር ላይ ተበትኖ ይቀር ነበር።

ደርግ ሲመጣ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ማታ ወጥቶ መግባት የለም። ሙዚቃው ግን አልሞተም። ክለብ የገባ ሰው በሩ ይቆለፍበትና እስኪነጋ እዛው ይጨፍራል፣ ሲነጋ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በር ተቆልፎበት መዘፈን ምን እንደሆነ ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም መቼም። በዛው ጊዜ ሸክላ ቀረና ካሴት ተተካ። ካሴት ርካሽ ነው፣ ከአንዱ ቴፕ ወደ ሌላው ይገለበጣል፣ ገጠር ድረስ ይገባል። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ቴፑን ጮክ አድርጎ ካሴት የሚሸጥ ሰው እንደነበር እናቴ ትነግረኛለች።

የእናቴ ታናሽ እህት ያኔ ጅዳ ነበረች። ስልክ የለም። ስለዚህ በባዶ ካሴት ላይ ድምፅዋን ቀርጻ በሰው ትልክ ነበር። ሰላምታ ትልና፣ ታለቅስና፣ መጨረሻ ላይ ቦታ ሲተርፋት ትዘፍናለች። እናቴ ካሴቱን ሳጥን ውስጥ በነጠላ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። ዛሬ የሚያጫውተው ቴፕ የለንም፣ ግን አይጣልም።

አሁን ከሁሉ በላይ የምወደውን ታሪክ ልንገራችሁ። ዋልያስ ባንድን ታውቁታላችሁ። ኃይሉ መርጊያ የባንዱ ኪቦርድና አኮርዲዮን ተጫዋች ነበር፣ ሒልተን ሆቴል ይጫወቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ለዝግጅት አሜሪካ ሄዱና ከመሃላቸው አንዳንዶቹ እዛው ቀሩ፣ ኃይሉም ቀረ። በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮንና ኪቦርድ ያለበት አንድ ካሴት ሠራ። ከዛ ሰው ረሳው። ዋሽንግተን ታክሲ መንዳት ጀመረ። ግን እቃውን አልጣለም። ኪቦርዱን የመኪናው ሻንጣ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር፤ ኤርፖርት ደንበኛ እየጠበቀ ባለበት ያወጣና ይለማመዳል።

ብዙ ዓመት አለፈ። አንድ ብራያን ሺምኮዊትስ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር መጥቶ ያቺን ካሴት ገዛ። ሰምቶ ማመን አቃተው። ኃይሉን ፈልጎ በስልክ አገኘውና እ.ኤ.አ. በ2013 ካሴቷ እንደገና ወጣች። ባለ ታክሲው እንደገና በዓለም መድረክ ላይ ቆመ፣ በ2018 ደግሞ አዲስ አልበም አወጣ። እህቶቼ፣ ሰው የሚሠራው ሥራ ሰውየው ማለት አይደለም። ተሳፋሪዎቹ ከፊታቸው ያለው ሹፌር ማን እንደሆነ አያውቁም ነበር። እኛንም መጥረጊያ ይዘን የሚያየን ሰው ምን እንደምንችል አያውቅም።

ይሄ የኛ ብቻ ታሪክም አይደለም። ሪያድ ራሷ ለብዙ ዓመት በአደባባይ የሙዚቃ ዝግጅት የማይታይባት ከተማ ነበረች። ሰው የሚሰማው በመኪናውና በቤቱ ነው። መሐመድ አብዱ በሪያድ መድረክ ላይ እንደገና የዘፈነው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በዛው ዓመት መጨረሻ ሊባኖሳዊቷ ሂባ ጠዋጂ ለሴቶች ብቻ ዘፈነች። የምሠራበት ቤት ያለችው ትልቋ እማማ አንድ ካርቶን ሙሉ የድሮ ካሴት አላቸው። አንድ ቀን አቧራውን እየጠረግኩ ሳለሁ አንዷን አነሱና የጠላል መዳሕ ናት አሉኝ። መድረክ ላይ እየዘፈነ ነው የሞተው፣ አብሃ ላይ፣ በ2000 እ.ኤ.አ.። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔም የጥላሁንን ነገር በተሰባበረ ዓረብኛዬ ነገርኳቸው፣ በ2001 ዓ.ም. ሲሞት አገር እንዴት እንደተላቀሰ። የዛን ቀን ሠራተኛና አሠሪ አልነበርንም፣ ሁለት ዘፈን የሚወዱ ሴቶች ነበርን። በነጋታው ያው ወደ ሥራችን ተመለስን።

እና ትንሿ የኔ እህት፣ «ያረጀ ድምፅ» ላልሽው። ማዳም ስትጠራኝ እንድሰማ አንዱን ጆሮዬን ክፍት አድርጌ ነው የማዳምጠው። አዲሱን ዘፈን በአንድ ጆሮ ስሰማው አንዳንዱ መሣሪያ ይጠፋብኛል፣ በሌላኛው ጆሮ በኩል ቀርቷላ። የድሮው ሸክላ ግን በአንድ ጆሮም ሙሉ ነው፣ ያኔ ሁሉም በአንድ ላይ ነበር የሚቀረጸው። ለኛ ዓይነት ሰው የተሠራ ነው የሚመስለኝ።

የመጨረሻው ነገር፣ ይሄን ሁሉ ያስጻፈኝ። የሐረርጌዋ ልጅ ለብቻዋ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ጁምዓ ሁልጊዜ አትመጣም። ችግሯን አትናገርም። ማታ ማታ ግን አንድ ዘፈን ትልክልናለች፣ ብዙውን ጊዜ የአሊ ቢራን። አሊ ቢራ ድሬዳዋ ያደገ፣ በአፍራን ቀሎ የጀመረ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም በሐረሪም በሶማልኛም በዓረብኛም የዘፈነ ሰው ነው። በ2015 ዓ.ም. ሲሞት ክፍላችን ውስጥ ኦሮምኛ የማንችለውም አልቅሰናል። አንድ ጊዜ ዘፈኑ ቀረ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት። ስልኳ ጥሪ አይቀበልም። ያኔ ነው የገባን፤ ያ ዘፈን ለካ «ደህና ነኝ» ማለቷ ነበር። ሰፈሯን በሚያውቅ ሰው በኩል አፈላለግናት። አሠሪዋ ስልኳን ቀምታት ነበር። በአስራ አንደኛው ቀን ማታ ስልኬ ጮኸ። ጽሑፍ የለም፣ ቮይስ የለም፣ አንድ ዘፈን ብቻ። ሁላችንም አልጋ ላይ ሆነን አለቀስን።

ከዛን ቀን ጀምሮ «እንዴት ነሽ» ብለን መጠየቅ ትተናል። «እንዴት ነሽ» ስትባል ሁሉም «አልሐምዱሊላህ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ታልፈዋለች። «ምን እየሰማሽ ነው?» ስትባል ግን እውነቱ ይወጣል። ትዝታ እየሰማች ከሆነ ናፍቋታል። መንዙማ ወይ መዝሙር ከሆነ ከብዷታል፣ ወይ አመስግናለች። ጭፈራ ከሆነ ደመወዝ ገብቷል።

ምንም የማትሰማ ካለች ደውሉላት። ዛሬውኑ ደውሉላት።

እኔ አሁን ይሄን እየጻፍኩ የብዙነሽ በቀለን እየሰማሁ ነው፣ በአንድ ጆሮዬ። እናንተስ እህቶቼ? ኮመንት ላይ ጻፉልን፣ ሁሉንም አነባለሁ።