የጽንስ ስቴም ሴል ምርምር የመንግሥት ድጋፍ በአሜሪካ

በዩናይትድ ስቴትስ የጽንስ ስቴም ሴል ምርምር የመንግሥት ድጋፍ ሲባል፣ ከሰው ጽንስ በተገኙ ስቴም ሴሎች (ግንድ ሕዋሳት) ላይ ለሚደረግ ጥናት የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚሰጥበትንና የሚከለክልበትን ደንብ ያመለክታል። በግል ገንዘብ የሚካሄደውን ምርምር የሚከለክል የፌዴራል ሕግ የለም። ለብዙ ዓመታት ያከራከረው ጥያቄ የግብር ከፋዩ ገንዘብ ለዚህ ሥራ ሊውል ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳይንሱና የሥነ ምግባር ጥያቄው

ስቴም ሴል ራሱን እያባዛ ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መለወጥ የሚችል ሕዋስ ነው። በአዋቂ ሰው መቅኔ ውስጥ ያለው በዋናነት የደም ሕዋሳትን ያስገኛል። ከጽንስ የሚወሰደው ግን ማንኛውንም የሰውነት ሕዋስ ሊሆን ስለሚችል፣ ለስኳር በሽታ፣ ለፓርኪንሰን በሽታና ለሕብለ ሰረሰር ጉዳት ሕክምና ተስፋ ተጥሎበታል። የሰውን የጽንስ ስቴም ሴል ለመጀመሪያ ጊዜ ለይተው በቤተ ሙከራ ያሳደጉት በ1998 የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ጄምስ ቶምሰንና ባልደረቦቻቸው ናቸው።

ሕዋሳቱ የሚወሰዱት ለመካንነት ሕክምና ከማህፀን ውጭ ተዘጋጅቶ ከተረፈና አምስት ቀን ገደማ ከሞላው ጽንስ ሲሆን፣ በዚህ ሂደት ጽንሱ ይጠፋል። የሰው ሕይወት ከፅንሰት ይጀምራል የሚሉ ወገኖች፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን ጨምሮ፣ ይህን የሰው ሕይወት ማጥፋት ነው ይላሉ። ደጋፊዎች በበኩላቸው፣ መጣላቸው የማይቀር ጽንሶች ለሕሙማን ፈውስ ቢውሉ ይሻላል ብለው ይከራከራሉ።

የዲኪ–ዊከር ድንጋጌ

ኮንግረስ በ1996 ከበጀት ሕጉ ጋር አያይዞ ባጸደቀው በዚህ ድንጋጌ፣ ለምርምር ሲባል ጽንስ ለመፍጠርም ሆነ ጽንስ ለሚጠፋበት ምርምር የፌዴራል የጤና በጀት እንዳይውል ከለከለ። ድንጋጌው ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሲታደስ ቆይቷል። በ1999 የመንግሥት የሕግ ባለሙያዎች ስቴም ሴል ራሱ ጽንስ አለመሆኑን በመጥቀስ፣ ክልከላው ሕዋሳቱን ከጽንስ ማውጣትን እንጂ በወጡት ላይ የሚደረገውን ጥናት እንደማይመለከት አስረዱ። የኋላው ደንብ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

የፕሬዚዳንቶቹ ውሳኔዎች

ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብሊው ቡሽ ነሐሴ 9 ቀን 2001 ድጋፉ እስከዚያ ዕለት ለተዘጋጁ የሕዋስ መስመሮች ብቻ እንዲሰጥ ወሰኑ። የሕዋስ መስመር የሚባለው ከአንድ ጽንስ ተገኝቶ በቤተ ሙከራ እየተባዛ የሚቀጥል የሕዋሳት ዘር ነው። በወቅቱ ከ60 በላይ መስመሮች እንዳሉ ቢነገርም፣ ለተመራማሪዎች በተግባር የደረሱት 21 ያህል ነበሩ። በአዳዲስ መስመሮች መሥራት የፈለጉ ተመራማሪዎች በፌዴራል ገንዘብ የተገዛ መሣሪያ መጠቀም ስላልተፈቀደላቸው፣ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የተለየ ቤተ ሙከራ እስከማደራጀት ደርሰዋል። የካሊፎርኒያ ሕዝብ ደግሞ በ2004 በሰጠው ድምፅ ለምርምሩ 3 ቢሊዮን ዶላር በቦንድ ሽያጭ እንዲሰበሰብ አጸደቀ። ኮንግረስ ገደቡን ለማላላት በ2006 እና በ2007 ያወጣቸውን ሕጎች ቡሽ ሳይፈርሙ መለሷቸው።

ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በመጋቢት 2009 ገደቡን አነሱ። በዚያው ዓመት ብሔራዊ የጤና ተቋማት ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ድጋፍ የሚያገኘው ጥናት ለመካንነት ሕክምና ተዘጋጅተው ከተረፉ ጽንሶች በተገኙ ሕዋሳት ላይ የሚደረግ ነው። ለጋሾቹ ፈቃዳቸውን በጽሑፍ መስጠት አለባቸው፤ ለጽንሱም ክፍያ አይደረግም። በ2010 አንድ የፌዴራል ዳኛ ድጋፉ የዲኪ–ዊከርን ድንጋጌ ይጥሳል በማለት እግድ ቢያወጡም፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2011 እግዱን ሽሮታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2013 ጉዳዩን ሳይቀበለው ቀረ።

ጽንስ የማያስፈልገው ዘዴ

የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ሺንያ ያማናካ በ2006 አራት ጂኖችን በማስገባት የአይጥን የቆዳ ሕዋስ ከጽንስ ስቴም ሴል ጋር ወደሚመሳሰል ሕዋስ መለሱ፤ በ2007 ደግሞ በሰው ሕዋስ ላይ ተሳካ። ለዚህም በ2012 ከጆን ገርደን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ግኝቱ ክርክሩን ቢያረግብም አልዘጋውም፤ አዲሶቹ ሕዋሳት አስተማማኝ መሆናቸው የሚመዘነው ከጽንስ ከተገኙት ጋር እየተነጻጸሩ ነውና። በአሜሪካም የቆየው ክፍፍል አልተለወጠም፤ ሕዋሳቱን ከጽንስ ማውጣት ከፌዴራል ውጭ በሚገኝ ገንዘብ ይሠራል፣ መንግሥት የሚደግፈው ከዚያ በኋላ ያለውን ጥናት ነው።