ገቢና አቃፊ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የመሣሪያን ስም የሚያወጣው ግን ኅብረተሰብ ነው፤ ስለሆነም የስሙ ታሪክ የኅብረተሰቡ ታሪክ ነው።

ሁለት ብረቶች ሲጋጠሙ አንዱ ይገባል፣ ሌላው ይቀበላል። የአውሮፓ ቋንቋዎች የሚገባውን «ወንድ»፣ የሚቀበለውን «ሴት» ይሉታል፤ ጀርመንኛ ዳዶን «እናት» ብሎ ይጠራዋል። ልማዱ የቆየ ነው። ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት፣ የእስክንድርያው ክቴሲቢዮስ የፈለሰፈውን የውሃ መሳቢያ ሲገልጽ ፒስተኑን «ወንድ» ብሎታል። እናቶቻችን ግን ሙቀጫና ዘነዘናን፣ ወፍጮና መጅን ለየራሳቸው ስም ሰጥተው ሲሠሩባቸው ኖረዋል።

ነገሩ የሰዋስው ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣነው ነበር። ስሙ ቅርጽን ገልጦ አያበቃም፤ ሥራንም ይደለድላል። «ወንዱ» አድራጊ፣ «ሴቷ» ተደራጊ ትሆናለች። የኤሌክትሪኩ ኃይል ያለው ግድግዳው ላይ፣ «ሴት» በተባለችው ውስጥ መሆኑ ይዘነጋል።

ይህ ክፍፍል የተፈጥሮ ግዴታ አለመሆኑን ራሱ የቴክኒክ ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1882 ካርል አውጉስት ጊዶ ሽቶርትስ ሁለት ጫፎቹ አንድ ዓይነት የሆኑ የቱቦ ማያያዣ ፈለሰፈ። ወንድና ሴት ጫፍ ያለው የእሳት አደጋ ቱቦ ተገልብጦ ከተዘረጋ አይጋጠምም፤ የሽቶርትስ ግን በየትኛውም ጫፉ ይያያዛል።

ጥያቄው ፖለቲካዊ መልኩን የገለጠው በጠፈር ላይ ነው። አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት በ1972 መንኮራኩሮቻቸውን ለማገናኘት ሲዋዋሉ፣ የቀድሞው ዘዴ ከሁለቱ አንዱ ገቢ፣ ሌላው ተቀባይ እንዲሆን ያስገድድ ነበር። ሁለት ገቢዎች ሊገናኙ፣ በአደጋም ጊዜ ሊረዳዱ አይችሉም። ከዚህም በላይ፣ እኩል ነን የሚሉ ኃያላን መካከል ተደራጊውን ቦታ ማን ይያዝ? መሐንዲሶቹ፣ በሶቭየት በኩል ቭላዲሚር ሲሮምያትኒኮቭ፣ ሁለቱም ወገን አድራጊም ተደራጊም ሊሆን የሚችልበትን መጋጠሚያ ሠሩ። ጁላይ 17 ቀን 1975 አፖሎና ሶዩዝ ሲገናኙ አድራጊው የአፖሎ መጋጠሚያ ነበር፤ ጁላይ 19 ቀን ግን ተራው የሶዩዝ ሆነ።

እንግዲህ ሁለት መንግሥታት ለራሳቸው ያልተቀበሉት ቦታ ለዘመናት በግማሹ የሰው ዘር ስም ሲጠራ መኖሩን ልብ እንበል። የሴቶችን እኩልነት በጽሑፍ የምንደግፍ ሁሉ፣ የቴክኒክ ቃላትን ወደ አማርኛ ስንመልስ ይህን የበታችነት አብረን ልንመልስ አይገባንም። «ገቢ»ና «አቃፊ» ብንልስ? ሁለቱም አድራጊዎች ናቸው።